ከአምስት አንድ ሲጎድል

ከይጁቤ በላይ፣ ጊዮርጊስ ደብር
መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለእቴናት፣ ጁባ

ሰላመ እግዚአብሔር ባለሽበት ይብዛልሽ፤ የሰው አገር ፀሐይ አይክበድሽ። እኛ ጤና ነን። ያለምወርቅ በጉልበቷ ትማረራለች እንጂ ደህና ናት። «እቴናት ለባሌ ትጽፋለች፣ እኔን ግን በመጨረሻ ነው የምታነሳኝ» ብላ አኩርፋብሻለችና በሚቀጥለው ስሟን ከስሜ አስቀድሚ። የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ ወራት ስላለፈው ይህን በምናለ እጅ ልኬልሻለሁ። ምናለን አትረሺውም፤ የአይናዲስ የበኩር ልጅ፣ በርበሬና ሽሮ እየጫነ እናንተ ዘንድ የሚመላለሰው።

ወሬው እንዲህ ነው። የተስፋዓለም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጣ። አልፏል። ከትምህርት ቤቱ ያለፉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ የመምህራን ልጆች፣ ሦስተኛው የወንድምሽ ልጅ። ርእሰ መምህሩ ከይጁቤ ድረስ በእግሩ መጥቶ ነገረኝ። አጥር እያጠርኩ ነበር፤ እሾሁን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ ወሬውን ሰምቶ ሄዶ የአባ ባዘዘውን እግር አጠበ። አባ ባዘዘው እግራቸው ከቆሰለ ከረመ፤ ጠዋትና ማታ በጨው ውሃ አጥቦ የሚጠቀልልላቸው እሱ ነው። ጤና ካልሆነ ሌላ አልማርም የሚለውም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ደብራችን እንደምታውቂው አይደለም። ድሮ ለቅዳሴ ስንቆም መቅደሱ ይጠበን ነበር። አሁን አምስት ቀርተናል፤ ከቀሳውስት እኔና አባ ባዘዘው፣ ከዲያቆናት ተስፋዓለም፣ ጸጋውና ክንዴ። ዲያቆን የነበረው አበረ ከሰኔ ወዲህ የት እንደገባ አልታወቀም፤ እናቱም አትጠይቁኝ ትላለች። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን ካልቆመ ቅዳሴ የለም። ከአምስት አንድ ቢጎድል ቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ እንደ ጎተራ መሆኑ ነው።

የመቅደሱ መጋረጃ አርጅቷል። ከቻልሽ ቀይ ጨርቅ፣ ደህናውን ዓይነት፣ በምናለ ላኪልን። ለሌላው አትጨነቂ።

ወንድምሽ ቄስ ገዳሙ


ጁባ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእመቤት ያለምወርቅ፣ ከእርሷም ቀጥሎ ለወንድሜ ለቄስ ገዳሙ

ጊዮርጊስ ቤታችሁን፣ ከብታችሁን፣ ደጃችሁን ይጠብቅ። ያለምዬ፣ ይኸው አስቀደምኩሽ፤ ኩርፊያው ይብቃ።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ያነበብኩት ወጥ ቤት ቆሜ፣ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ እየሠራሁ ነው። «አልፏል» የሚለው ላይ ስደርስ እልልታዬን ለቀቅኩት። የምሠራበት ማደሪያ እንግዳ ሁሉ እሳት የተነሳ መስሎት ከየክፍሉ ወጣ። አንዱማ ፎጣ እንደታጠቀ ነበር። ምን ብዬ ላስረዳቸው? የወንድሜ ልጅ ሊማር ነው አልኳቸው፤ አጨበጨቡልኝ።

ይህን ወሬ ስጠብቅ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል፤ ዛሬ ደስታዬን አላበላሽም።

ከኮኞ ኮኞ ገበያ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዝቼለታለሁ። በአፍንጫው ላይ ድርብ ስፌት ያለው ነው፤ ሻጩን ግማሽ ቀን ተከራክሬዋለሁ። ቢሰፋው ካልሲ ይደርብ። ጃኬትና ቦርሳም አለ። ቀዩንም ጨርቅ ልኬያለሁ፣ ነገር ግን ከጫማው ሥር ነው የጠቀለልኩት፤ አይቆጡኝ። የት ነው የደረሰው? መቼ ነው የሚጠራው? ዶርም ሲገባ አስቀድሞ ጠንካራ ቁልፍ ይግዛ።

«አምስት ቀርተናል» ያሉትን ሁለቴ አነበብኩት። ደብረ ወርቅ የአብነት ተማሪ ሞልቷል፤ አንድ ዲያቆን ለምነው ያምጡ። ቀለቡንና ልብሱን እኔ እችላለሁ። ተስፋዓለም ብቻ ይሂድ።

እህትዎ እቴናት


ከይጁቤ በላይ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእቴናት

አምላከ ጊዮርጊስ ድካምሽን ይቁጠርልሽ። የላክሽው ሁሉ ደርሷል። መጋረጃው ተሰፍቶ ኅዳር 7 ቀን ተሰቀለ፤ ሕዝቡ ስምሽን እያነሳ መርቆሻል። ጫማው ለተስፋዓለም ልክ ነው፤ ነገር ግን አላደረገውም። በጨርቅ ጠቅልሎ ቆጡ ላይ አስቀምጦታል።

ዩኒቨርሲቲው ከአዲስ አበባ ወዲያ፣ ደቡብ ነው አሉ። ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አንድ ቀን ሙሉ ያስኬዳል። ጥሪው ለታኅሣሥ 3 ነው። መንገዱ ግን አንቺ እንደምታውቂው መንገድ አይደለም። ማን አልፎ ማን እንደሚቀር የሚያውቅ የለም። ማርቆስ ለመድረስ እንኳ ሰው ተናዞ ነው የሚነሳው።

ደግሞስ ተምሮ ምን ይሆናል? የአይናዲስን ልጅ ሄለንን እይ። በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ሦስት ዓመቷ ነው። ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ በሥሩ ሽንኩርት ትሸጣለች። ባለፈው እሑድ «አባ፣ ይጸልዩልኝ» አለችኝ። ምን ብዬ እንደምጸልይላት ጨነቀኝ።

ልጁም ልቡ የቆረጠ አይመስለኝም። ዝም ብሏል። ከደብረ ወርቅ ይምጣ ስላልሽው ዲያቆን፣ ሰው መላክ አልተመቸኝም። ገንዘብ አትላኪ፤ ለጊዜው አያስፈልገንም።

ወንድምሽ ቄስ ገዳሙ


ጁባ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ ገዳሙ፣ ለእህቴ ለያለምወርቅም

እግዚአብሔር ጤናችሁን ያብዛው። እኔ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም።

በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ «ገንዘብ አትላኪ» ሲሉኝ ይህ የመጀመሪያዎ ነው። በድርቁም ጊዜ፣ በሬው የሞተ ጊዜም እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ደብዳቤውን አጥፌ ስዘጋው ፈራሁ። የሚሄድ ልጅ ያለው ሰው ብዙ ነገር ያስፈልገዋል።

ስለ ሄለን የጻፉት እውነት ነው። እኔም እዚህ አንድ የተመረቀ የሐበሻ ልጅ መኪና ሲያጥብ አያለሁ። ነገር ግን ጋሼ፣ ሄለን ሽንኩርቱን የምትሸጠው ሄዳ አይታ፣ ተምራ ተመልሳ ነው። እኔ ደግሞ ሳላይ ነው ወጥ የምሠራው። ሁለቱ አንድ አይደለም። ሁለቱን አንድ የሚያደርገው የቀረ ሰው አይደለም፤ ያስቀረ ነው።

እዚህ ድረስ ጽፌ ላሽገው ስል ምናለ መጣ። ተስፋዓለምን «እስከ አዲስ አበባ በመኪናዬ በነጻ ላድርስህ» ብዬው ነበር አለኝ። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «ከደብሩ እንዳልወጣ ተገዝቻለሁ» ብሎ መለሰለት።

የገዘተው ማን ነው? እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር ወይ? ጥሪው ካለፈ ሳምንት ሆነው። ዘግይቶ ለመጣ ይፈቀድ እንደሆነ ርእሰ መምህሩን ጠይቀው ይጻፉልኝ። ምናለ ሲመለስ ባዶ እጁን እንዳይመጣ።

እቴናት


ከይጁቤ በላይ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእቴናት

የጌታ ልደት በረከቱ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ቀን በደረቴ ይዤው ዞርኩ። ሌላውን ሰባት ጊዜ የምናናዝዝ ሰዎች አንድ ጊዜ መናዘዝ ያቅተናል።

የገዘቱት አባ ባዘዘው ናቸው። ያስገዘትኩት እኔ ነኝ።

ውጤቱ በመጣ በሁለተኛው እሑድ ዋዜማ ወደ ጎጇቸው ሄድኩ። «አባ፣ ይህ ልጅ ከሄደ ደጃችን ይዘጋል። እኔ ብከለክለው ይጠላኛል፤ እርስዎ ይያዙልኝ» አልኳቸው። እሳቸውም «ልጁ ይማር እንጂ፣ ገዳሙ» አሉ። ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ፤ እሱ ያጠበው እግር ላይ። በማግስቱ መስከረም 26፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ቆሞ ሳለ መስቀላቸውን አነሱና «ተተኪህ ሳይገኝ ከዚህ ደብር ተለይተህ እንዳትሄድ በጊዮርጊስ ስም ገዝቼሃለሁ» አሉት። ልጁ መስቀሉን ተሳለመ። ለአንቺ «አልፏል» ብዬ የጻፍኩልሽ በማግስቱ ነው።

የእኔን ልብ ብነግርሽ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም። መንገዱን ፈራሁ። ሬሳው እንኳ ሳይመጣልኝ ልጄን መንገድ እንዳይበላብኝ ፈራሁ። እንደዚያ ብዬ ለእሱ መንገር አባት አያደርገኝም መሰለኝ፤ ስለዚህ በጊዮርጊስ ስም አሳበብኩ።

ዘግይቶ ለመጣ እስከ ጥር 30 ይፈቀዳል ብሎኛል ርእሰ መምህሩ። ጥር 18 የደብራችን በዓል ነው፤ እሑድ ላይ ይውላል። በሕዝብ ፊት የታሰረ በሕዝብ ፊት ቢፈታ ይሻላልና ያን ቀን አባ ባዘዘውን ለምኜ አስፈታዋለሁ። ጥምቀትንም ቀድሰን እናልፋለን። በማግስቱ ከሚወርድ መኪና አሳፍረዋለሁ። ለመንገዱ የምበደረውን እንድከፍል የምትችይውን ላኪ።

ወንድምሽ ገዳሙ


ጁባ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገዳሙ

ዛሬ አንቱታው ከእጄ አልወጣ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በዓሉ አልፏል፤ ልጁ ይፈታ አይፈታ ግን እዚህ ሆኜ አላውቅም። ለምን በዓል ጠበቅህ? የታመመ ሽማግሌ እጅ ላይ ልጅህን አስቀምጠህ ጥምቀትን ልቀድስ ትላለህ? በዚያች ቀን፣ ደብዳቤውን በጻፍክባት ቀን፣ ተነስተህ ጎጇቸው ብትሄድ ምን ነበረ? ከቤትህ እስከ ጎጇቸው ስንት እርምጃ ነው? እኔ ከዚህ ሆኜ እቆጥረዋለሁ።

አሥረኛ ክፍልን ከይጁቤ አንደኛ ወጥቼ መሰናዶ ማርቆስ ሲደርሰኝ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? አባታችን ሞቶ የቤቱ ራስ አንተ ነበርክ። «ሴት ልጅ ቤት ተከራይታ አትማርም፤ የሚጠብቅሽ የለም» አልከኝ። እኔም ለደላላ ተሰጥቼ ሄድኩ። ያን ጊዜ ጠባቂ አልጠየቅከኝም። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ይቅር ብዬሃለሁ ስል ኖሬያለሁ። ውሸቴን ነው። ልጅህ ሲያልፍ ግን እውነትም ይቅር ልልህ ነበር።

ለመንገዱ የሚሆነውን ልኬያለሁ። እስካሁን ካልተፈታ፣ ይህ እጅህ እንደገባ ቁጭ አትበል። ሂድና አስፈታው።

እቴናት


ከይጁቤ በላይ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእቴናት

ሰላም ይሁንልሽ። አንተ ስላልሽኝ አልተቀየምኩም፤ አንሶኛል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የካቲት አጋማሽ ነው። አባ ባዘዘው ግን ጥር 16 ቀን፣ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከደጃቸው ወደቁ። ግማሽ አካላቸው ከዳቸው፤ ምላሳቸውም ታሰረ። አንቺ ስትጽፊ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ቃል ግን አልነበራቸውም። በማግስቱ ጥር 25 አረፉ። ከአልጋቸው ያልተለየው ተስፋዓለም ነው። በመጨረሻዋ ሰዓት መስቀላቸውን በደህናው እጃቸው ወደ እሱ አነሱ። ፈቱህ እኮ አልኩት። «ሁልጊዜም እንዲህ ይባርኩኝ ነበር» አለኝ። «አፍ ያሰረውን እጅ አይፈታውም።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ያስገዘትኩህ እኔ ነኝ፣ ዕዳው በአንገቴ ነው፣ ሂድ አልኩት። ዓይኔን አላየኝም። «አውቃለሁ» አለ። «አባ እግራቸውን ሳጥብ በዚያው ሳምንት ነግረውኛል። አባትህ ራሱ መጥቶ ፍቱልኝ ካለኝ ያን ቀኑን እፈታሃለሁ ብለውኝ ነበር።» ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ አልኩት። «እርስዎ እስኪነግሩኝ ስጠብቅ ነበር» አለኝ።

አራት ወር ሙሉ ማዕዴ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ኖሯል፣ እቴናት። እኔ ደግሞ ልቡ አልቆረጠም ብዬ ጻፍኩልሽ።

በደብረ ወርቅ ያሉ መሪጌታ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ይህ ግዝት አይጸናም፣ ሂድ አሉት። «እርስዎ አልገዘቱኝም» አላቸው በትሕትና። ማርቆስ ሀገረ ስብከት አመልክተናል፤ ብፁዕ አባታችን ይፍቱት ተብሎ ወረቀቱ ተልኳል። ጥር 30 ግን አለፈ። ርእሰ መምህሩ ባገኘው መንገድ አስጠይቆ ነበር፤ ሳይመዘገብ የቀረ ቦታውን እንደለቀቀ ይቆጠራል አሉት።

ደብሩም ተዘግቷል። አንድ ቄስ ብቻዬን ቀረሁ። ጥር 18 ቀን ሕዝቡ ነጭ ለብሶ መጣ፣ ቆመ፣ ቅዳሴ ሳይሰማ ተመለሰ። ከአምስት አንድ እንዳይጎድል ልጄን አሰርኩ፤ የጎደለው ሌላው ሆነ። አሁን እሱ እሑድ እሑድ ሌሊት ተነስቶ ደጁን ይከፍታል፣ ይጠርጋል፣ መጋረጃሽን ያራግፋል፣ መልሶ ይዘጋል። ሌላ የሚሠራው የለም።

የላክሽው ገንዘብ እንዳለ ነው። ምን ላድርገው?

ገዳሙ


ከይጁቤ በላይ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእቴናት

ለመጋቢቱ ደብዳቤ መልስ አልላክሽልኝም። መብትሽ ነው። ይህን ግን አንብቢው።

ከፋሲካ በኋላ ሳምንቱን የሀገረ ስብከቱ ወረቀት መጣ። ማኅተም ያለበት ነው። ከግዝቱ ተፈትቷል ይላል። ለተስፋዓለም ጮኬ አነበብኩለት። ተቀብሎኝ ራሱ ደግሞ አነበበው፣ አጠፈና ለእናቱ ሰጣት። «ከተፈታሁ ደህና» አለ። ያን ዕለት ከብቱን አጠጣ፣ የእናቱን ጉልበት አሸላት፣ እራቱን በላ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልነበረም። ቆጡ ላይ የነበረው ጫማም የለም። ቦርሳውን ትቶታል፤ ደብተሮቹ በውስጡ አሉ።

ማርቆስ ፈለግሁት፣ የለም። ገንዘቡን አልነካውም። ያለምወርቅ ወሬ ሰማሁ ከሚል ሰው ሁሉ ደጅ ትውላለች። ከዚህ በኋላ ጨርቅም፣ ገንዘብም፣ ሌላም አልጠይቅሽም። ወሬውን ብቻ። ወደ አንቺ ከመጣ፣ ደረሰ የምትል አንዲት ቃል ብቻ ላኪልን።

ገዳሙ


ጁባ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለያለምወርቅ፣ ለወንድሜ ለቄስ ገዳሙ

ደርሷል። በሕይወት አለ። ያለምዬ ሌላውን ሳትሰማ እንድትተነፍስ ብዬ ከሰላምታው አስቀደምኩት። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ሰኔ 28 ቀን፣ ሾፌሮቹ ቁርስ በልተው እንደወጡ፣ በወጥ ቤቱ ጓሮ አንድ ረጅም ልጅ መጥቶ ቆመ። በጋምቤላ በኩል ነው የመጣው፤ እኩሌታውን በመኪና፣ እኩሌታውን በእግሩ። ከስቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የሚለምን መስሎኝ ዳቦ ልሰጠው እጄን ዘረጋሁ። ስወጣ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ፊቱን በምን ልወቀው? ዳቦውን ሳቀብለው ግን ዓይኔ መሬት ወደቀ፤ የጫማው አፍንጫ ላይ ያለውን ድርብ ስፌት አየሁ። ሻጩን ግማሽ ቀን የተከራከርኩበት ጫማ ነው። ተረከዙ አልቋል። ለዩኒቨርሲቲ ብዬ የገዛሁት ጫማ ወደ ተገዛበት ከተማ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ ጮህኩ። እንግዶቹ አሁንም ከየክፍላቸው ወጡ፤ ያን ዕለት ግን የሚያጨበጭብ አልነበረም።

ለምን ወደዚህ መጣህ አልኩት። «ግዝቱ ሲፈታልኝ የማውቀው መንገድ የአንቺን ብቻ ነበር» አለኝ። ለመጪው ዓመት እንደገና ተፈተን፣ የሚያስፈልግህን እችላለሁ አልኩት። «ይቆይ» አለ። አሁን ከአንድ የውሃ ቦቴ መኪና ጋር ረዳት ሆኖ ይውላል። ማታ ሲመጣ እጁ ተልጧል፤ በጨው ውሃ ራሱ ያጥበዋል፣ ራሱ ይጠቀልለዋል። ሲጠቀልል አያለሁ፤ ሐኪም ይሆን ነበር።

ጋሼ፣ መልስ ያልጻፍኩልዎ የምጽፈው ሁሉ እርግማን እየሆነብኝ ነው። አሁን አልረግምዎትም። እርስዎም ፈርተው ነው፣ አውቃለሁ። እኔንም ያስቀሩኝ ፈርተው ነበር። የእርስዎ ፍርሃት ግን ሁለት ሰው በልቶ አሁንም አልጠገበም፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ውሸት ይሆንብኛል።

ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ይህንንም ከእኔ ይስሙት። እሑድ ወደዚህ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናችን ይዤው ሄድኩ። አገልጋይ እንደሚያንሳቸው ሁሉም ያውቃል፤ ካህኑ በየሳምንቱ ይለምናሉ። ደጁ ላይ ስንደርስ እኔም ፈርቼ ክንዱን ያዝኩና «ዲያቆን መሆንህን ለማንም እንዳትናገር» አልኩት።

«እሺ፣ አክስቴ» አለኝ። ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም።

እቴናት